ከጀርባዋ

«ሁለት ሦስተኛ ሲደመር አንድ ስድስተኛ! በይ እንጂ፣ ስንት ይመጣል?» አለች አስጠኚዋ ደግማ።

ልጅቷ እርሳሷን ይዛ የአስጠኚዋን ዓይን ዓይን እያየች ፈገግ ትላለች። ነገር የሚያመጣባት ይኸው ፈገግታ ነው። በአሥራ አራት ዓመቷ ከትምህርት ቤት ያስወጧት «ዘገምተኛ ናት፤ ሲቆጧት ደግሞ ትስቃለች» ብለው ነው።

አስጠኚዋ ልዩ ድጋፍ የሚያስፈልጋቸውን ልጆች ቤታቸው እየሄደች ነው የምታስተምረው። ከልጅቷ አባት ፀጉር ቤት ጀርባ ባለችው በዚህች ጠባብ ክፍል ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲሠሩ፣ ልጅቷ እስከ ትናንት ድረስ ሒሳቡን እንደ ውኃ ትጠጣው ነበር። ዛሬ ምን ነካት?

«እያሾፍሽብኝ ነው?» አለች ሳታስበው ጮክ ብላ።

«አላልኩሽም ቲቸር!» አለ አባትየው ማበጠሪያውን እንደያዘ በሩ ላይ ብቅ ብሎ። «ንቀት ነው። ሕፃን ሆና እንዲህ አልነበረችም። እኔንም እየሰማችኝ ጥላኝ ትሄዳለች። አንዳንዴማ እጄን አንስቼባት…»

አስጠኚዋን ጉሮሮዋን ከረከራት። ጉንፋኗ ልጅቷን እንዳይዛት ብላ ዛሬ ያጠለቀችውን ማስክ ወደ አገጯ አወረደችና ውኃ ተጎነጨች። «እሺ» አለች በሰለለ ድምፅ፣ «ሁለት ሦስተኛ ሲደመር አንድ ስድስተኛ።»

«አምስት ስድስተኛ» አለች ልጅቷ ወዲያው።

ብርጭቆው አስጠኚዋ እጅ ላይ እንዳለ ቀረ።

ማስኩን መለሰችው። «ስንት ዓመትሽ ነው?» ልጅቷ ፈገግ አለች፤ መልስ የለም። አወረደችውና ድምፅ ሳታወጣ ከንፈሯን ብቻ አንቀሳቀሰች፤ ስንት ዓመትሽ ነው?

«አሥራ አራት። ታውቂ የለ እንዴ ቲቸር?»

አስጠኚዋ ወደ ልጅቷ ጠጋ አለች። «የኔ እናት… የሰው አፍ ካላየሽ አይሰማሽም?»

ልጅቷ ግራ ገባት። «ድሮ ይሰማኝ ነበር። ሬዲዮም ሳይቀር። ከዚያ እየቀነሰ እየቀነሰ…» ትከሻዋን ነቀነቀች። «ሰው ሲያድግ እንደዚህ የሚሆን መስሎኝ። እናንተም አፍ እያያችሁ አይደል እንዴ የምትሰሙት?»

ይህን ብላ ልጅቷ ወደ ደብተሯ አቀረቀረች።

አባትየው ፊቱ አመድ መስሏል። ቀስ ብሎ መጥቶ ከልጁ ጀርባ ቆመ።

«ድምቡሼ» አላት። ትንሽ ሳለች እየሳመ የሚጠራት በዚህ ስም ነበር።

ልጅቷ በላጲስ ታጠፋለች።

«ድምቡሼ!»

አስጠኚዋ ማስኩን ጨርሳ አወለቀችው።

«ድምቡሼዬ!» ብሎ ጮኸ፣ ድምፁ እየተሰበረ። ከፀጉር ቤቱ ደንበኛው ግማሽ ጢሙን እንደተላጨ፣ ነጭ ጨርቁን አንገቱ ላይ እንዳሰረ ደንግጦ እየሮጠ መጣ።

ልጅቷ የላጲሱን ፍርፋሪ ከገጹ ላይ እፍ ብላ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች።