ጥቁሩ ነጠላ

የኮሌጁ መምህር ጥናቶቹን የሚያወጣበትን ድረ ገጽ በየትኛው ፕሮግራም እንደሚሠራ እያማረጠ ሳለ፣ ከቆላማው ዝቋላ ወረዳ ለሰቆጣ ገበያ የመጡት ወይዘሮ ጥሩሐረግ ማር ይዘውለት ቢሮው ገቡ። «ለቅሶዬን የደረስክ ልጅ!» ብለው ጉንጩን ሳሙት።

ላፕቶፑ ላይ ሁለት የድረ ገጽ ናሙናዎች ተከፍተው ነበር። አንደኛው ጽሑፍ ብቻ ይቀበላል፤ ሁለተኛው አናቱ ላይ ሰፊ ፎቶ ያስቀምጣል። ልቡ ወደ ሁለተኛው ያደላው ለአንዲት ፎቶ ብሎ ነው። ፎቶዋ የእሳቸው ነበረች። አምና ድርቁን ሊያጠና ዝቋላ ወርዶ፣ ባላቸውን በቀበሩ ሳምንት፣ ጥቁር ነጠላ እንደተከናነቡ ነበር ያነሳቸው። ላፕቶፑን ሊከድን እጁን ሲሰድ ፎቶዋን ቀድመው አዩዋት።

«እኔ ነኝ?»

«አዎ እማማ፤ ችግሩን ዓለም እንዲያየው ብዬ ነው።»

«እስከ መቼ ይቆያል?»

«አይጠፋም» አለ። የፎቶዋ አለመጥፋት ቅድም ያኮራው ነበር፤ አሁን ግን ቃሉ አፉ ውስጥ መረረው።

ወይዘሮ ጥሩሐረግ የነጭ ነጠላቸውን ጫፍ ያዝ አደረጉ።

«ባለፈው ሰሞን ዘመድ ተሰብስቦ ‹በቃሽ› ብሎ ጥቁሬን አስወለቀኝ፤ ከሐዘን አወጣኝ» አሉ። ከዚያ ስክሪኑን በአገጫቸው እያመለከቱ፣ «ይችንስ ማን ያወጣታል?» ሲሉ ጠየቁት።