የጠገበ ጉድጓድ

ራንማል በጠፋ በማግስቱ ንጋት ላይ፣ አባቱ ቫግጂ ምራቱን ሳንቶክን የጨው ውሃ በሚሳብበት ጉድጓድ አፍ ላይ አገኛት። ከተሰበሰበው ጨው በቅርጫት እየዛቀች ወደ ውስጥ ትደፋለች። ክምሩ ተጋምሷል። ቀይ መከናነቢያዋን አውልቃ ራሷን በጆንያ ጠቅልላለች፤ አንድ ዓይኗ አብጦ ተከድኗል፤ ክንዷ ላይ ያረጀም አዲስም ሰንበር አለ።

"ምን ሆነሻል ልጄ? የስንት ቀን ልፋት ነው የምትደፊው። ጨውን የማያሟማው ጨው የጠገበ ውሃ ብቻ ነው። ይሄ ገና ቀጭን ነው፣ የሰጠሽውን ሁሉ አሟሙቶ ይበላዋል።"

"ይብላ። እስኪጠግብ እሰጠዋለሁ፣ አባባ። የራንማል ላብ ነው፣ ወደመጣበት ይመለስ።"

"ገና ሬሳው ሳይገኝ የባለትዳር ቀይሽን ታወልቂያለሽ?"

"ልቤ ነግሮኛል። ጎቫ ነው የገደለው። እኔንም እንዲህ ያደረገኝ እሱ ነው።"

ቫግጂ ያለው አንድ ልጅ ነበር። ጎረቤታቸው ጎቫ ውሃው ደርቆ ጨው በሚሆንበት መደብ ድንበር የተነሳ ከራንማል ጋር ዓመት ሙሉ ሲናከስ ኖሯል፤ ባለፈው ሳምንትም "እገልሃለሁ" ሲለው ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል።

የሰፈሩ ሰዎች ጎቫን ጎትተው አምጥተው ከምሰሶ ጋር አሰሩት። ቫግጂ ጨው የሚጠረግበትን ከባድ ዘንግ አንስቶ ጉልበቱን መታው።

"ልጄን የት ጣልከው?"

"እናቴን ልቅበር፣ አልነካሁትም። ጉድጓዱን አያችሁት?"

"ሬሳ በጨው ውሃ ይሰምጣል እንዴ፣ አንተ ቀጣፊ? ድንጋይ ታስሮበታል ልትለኝ ነው? በዚህ በረሃ ድንጋይ ከየት ተገኝቶ?"

እውነቱን ነበር። በሕንድ በካች የጨው ምድር ቀኑን ሙሉ ቢሄዱ ከመሬት የሚነሳ ጠጠር የለም።

ዘንጉ ደጋግሞ አረፈ። የጎድን አጥንቱ ሲሰበር ለቆሙት ሁሉ ተሰማ። ጎቫ ደም እየተፋ "አላውቅም" አለ፤ እንደገና "አላውቅም" አለ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ትንፋሹ ቆመ። ቫግጂ ዘንጉን ጥሎ እጁን በአመድ አጠበ። ቅንጣት አላዘነለትም።

በነጋታው የውሃ መሳቢያውን ሞተር ሊያስነሳ ሲል ሳንቶክ እግሩ ላይ ወደቀች።

"ሀዘኑ እስኪወጣ ይቅር፣ አባባ። ጉድጓዱ ይረፍ።"

"መደቡ ደርቆ ይሰነጠቃል እኮ፣ ልጄ። ተነሽ፣ ሥራ ያስረሳሻል።"

እጇን ከእግሩ ላይ በቀስታ አላቀቀ። እንዲህ ያለች ሚስት ያገኘ ልጁ ዕድለኛ ነበር ብሎ አሰበ።

ሞተሩ ሁለት ቀን ሙሉ ሲያንኳኳ ዋለ፣ አደረ። ጨው የጠገበው ውሃ ተስቦ ወጣ፤ ከሥር ደግሞ አዲስ ቀጭን ውሃ እየመነጨ ተተካ። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ቫግጂ ቱቦውን ሊያስተካክል ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ አለ።

ራንማል ፊቱን ወደ ሰማይ አድርጎ ተንሳፍፏል። ወገቡ ላይ ቀይ መከናነቢያ ታስሯል፤ ጫፉ ላይ ያለው ትልቅ የጨው ቋጠሮ ሟሙቶ ባዶ ሆኗል።