ሁለቱ የሙት ዓመት ዳቦዎች

«እትዬ፣ በሞቴ ስንጥሩን ያስቀምጡት! የሙት ዓመት ዳቦ ተወግቶ ይቀርባል እንዴ?»

ቶኩጂ ሁለቱን ዳቦዎች በክንዱ ከለላቸው። የሟች ሚስቱ የሺዙኖ ታላቅ እህት ፉሳኤ ስንጥሩን ዝቅ አደረገች እንጂ አላስቀመጠችም።

«ታዲያ በምን ልትለየው ነው? በጸሎት? ለሙት ዓመቱ የሚጸልየው መነኩሴ እኮ አራት ሰዓት ላይ ከተፍ ይላል።»

ዳቦዎቹ ክብ ናቸው፤ እንደ ሕፃን ጉንጭ ተነፍተው ያብረቀርቃሉ። በአንዱ አናት ላይ ጥቁር ሰሊጥ፣ በሌላው ላይ ነጭ ሰሊጥ ተነስንሷል። የሁለቱም ሆድ በስኳር የበሰለ ቀይ ባቄላ ነው፤ የአንዱ በወንፊት አልፎ የለሰለሰ፣ የሌላው ፍሬ ፍሬው ያልጠፋ። ቶኩጂ ሰሊጡን የነሰነሰው ለምልክት ነበር። ምልክቱ አለ፤ የጠፋበት ትርጉሙ ነው።

«ሁለት ብቻ መጋገርህስ! ዐሥር ጋግረህ ቢሆን አንዱን ገምሰን እናይ ነበር።»

«አንድ ለሷ፣ አንድ ለኔ። ሌላ ማን አለ?»

«እኔ አለሁ!» አለች ፉሳኤ። «በል ሁለቱንም አቅርብላትና ትምረጥ።»

«አይሆንም።»

አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ሺዙኖ ባቄላውን በወንፊት አሳልፋ፣ እሱ የሚወደውን ለስላሳውን ጋግራ አብራው በልታለች። ሆስፒታል ተኝታ ሳለች ነው አንድ ቀን፣ «እኔስ ባለ ፍሬው ነበር የሚጥመኝ» ያለችው። «ታዲያ አትነግሪኝም ነበር?» ቢላት፣ «መች ጠየቅኸኝ» አለችና ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ቶኩጂ ሊጥ ማቡካት ተማረ። ዛሬ ደግሞ ለስላሳውን ፎቶዋ ፊት ካስቀመጠ፣ በሞቷም አልጠየቃትም ማለት ነው።

ፉሳኤ ዳቦዎቹን በየተራ አንስታ ጆሮዋ ሥር ነቀነቀቻቸው።

«እንቁላል መሰለዎት?»

«ዝም በል፣ እያዳመጥኩ ነው።»

ይሄኔ የወጥ ቤቱ ግድግዳ ተንኳኳ። ግድግዳው ቀጭን ነው፤ ወዲያ ማዶ የሚኖሩት ዘጠና ዓመት የሞላቸው እማማ ኢዋኩራ ናቸው።

«ጥቁሩ ነው!» አሉ በግድግዳው በኩል። «ባለ ፍሬው ጥቁሩ ነው፤ አሁን ዝም በሉልኝ!»

ሁለቱ ተያዩ።

«እማማ፣ እርስዎ በምን ዐወቁ?»

«በሌሊት ቀስቅሰኸኝ! ‹ጥቁር ሰሊጥ፣ ባለ ፍሬ! ልክ ነው!› ብለህ የጮኽኸው ማን ሆነና ነው?»

ቶኩጂ ጆሮው ቀላ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ባቡር ሲነዳ፣ የሐዲዱን የምልክት መብራት በጣቱ ጠቁሞ ቀለሙን ጮክ ብሎ ሳይጠራ አልፎ አያውቅም፤ እንዳይሳሳት የሙያው ሕግ ነው። እሱ ጡረታ ቢወጣም ጣቱ አልወጣም።

«በየቀኑ ነው እኮ፣ እመቤቴ» አሉ እማማ ኢዋኩራ ለፉሳኤ፣ የማዋየው ሰው አገኘሁ በሚል ድምፅ። «‹ጋዝ፣ ተዘግቷል! መስኮት፣ ተዘግቷል!› ይልና በመጨረሻ ‹ሺዙኖ፣ ደህና!› ይላል። ከዚያ ዝም ብሎ ይቆማል። መልስ የሚጠብቅ ይመስል።»

ፉሳኤ ስንጥሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

ቶኩጂ ባለ ጥቁር ሰሊጡን ዳቦ በሁለት እጁ ይዞ፣ የሺዙኖ ፎቶ በቆመበት የጸሎት ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጠ። ጣቱ በልማዱ ብድግ አለ። የፉሳኤ ዐይን ጀርባው ላይ እንዳረፈ ስላወቀ ግን አየር ላይ አቆመው።

«በል እንጂ» አለች ፉሳኤ።

ከግድግዳው ወዲያ እማማ ኢዋኩራም ሊሰሙ ሳህን ማጠባቸውን አቆሙ።