ዝምታ የታዘዘለት ዘፋኝ

«‹ኢ› ይበሉልኝ» ትላለች ዶክተር ኤፍራታ፣ ቀጭኑን ካሜራ በሽማግሌው አፍንጫ እያስገባች።

አርተር ይሞክራል። የሚወጣው ድምፅ ዘይት ያጣ በር ሲከፈት የሚሰማው ዓይነት ነው። በትንሿ ስክሪን ላይ አንደኛው የድምፅ አውታር ደም ቋጥሮ ይታያል።

ከመልበሻ ክፍሉ ግድግዳ ማዶ የጆሃንስበርግ ሕዝብ ስታዲየሙን በእግሩ ይደበድባል። አርተር የእንግሊዝ ሄቪ ሜታል ባንድ ዘፋኝ ነው። ከጊታሪስቱ ከኮሊን ጋር በልጅነታቸው በኮሊን አባት ጋራዥ ጀምረው ዓለምን አዳርሰዋል። ከዚያ አርተር አንድ ቀን ጥሎ ወጣ። ሃያ ዓመት በጠበቃ ካልሆነ አልተነጋገሩም። ባንዱ ዘንድሮ ለኮንሰርት ተመልሶ ተሰበሰበ እንጂ እነሱ አልታረቁም።

«ለየብቻ መኪና ነው የምንነዳላቸው» ብሏት ነበር ለማ፣ በር ላይ ሲቀበላት። የአርተር ሹፌር ነው። እሱና እሷ ሮዘተንቪል ሰፈር አንድ ቤተ ክርስቲያን ስለሚሄዱ፣ የሰውየው ድምፅ ሲዘጋ የደወለው ለእሷ ነው።

ካሜራውን ታወጣለች። «ደም ፈሷል። ዛሬ ከዘፈኑ ድምፅዎ ላይመለስ ይችላል። መናገርም፣ ማንሾካሾክም የለም።»

ለማ ጠጋ ብሎ፣ እንደ ጆሃንስበርግ ሰው እየተከዘ፣ በአማርኛ «ኤሽ፣ ዶክተር፣ አንድ መርፌ እንኳ የለም?» ይላታል። «ዛሬ ከመድረክ ስወርድ ኮሊንን አናግረዋለሁ ሲለኝ ነው የዋለው እኮ።»

«መርፌውማ አለ ጋሽ ለማ። ለዛሬ ያዘፍነዋል። ከዚያ በኋላ ግን ምን ይተርፈዋል?»

በሩ ይከፈታል። ኮሊን ነው፤ ጊታሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ። ለማ ክው ይላል።

«መዝፈን አይችልም» ትለዋለች ኤፍራታ። «መናገርም ከልክዬዋለሁ።»

ኮሊን ግን የኋለኛውን የሰማ አይመስልም። ከአርተር ፊት ቁጢጥ ይላል። ጉልበቱ ይንቋቋል።

«ኮንሰርቱ ይቅር፣ ግድ የለኝም። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ያኔ ሻንጣህን ይዘህ ስትወጣ… እኔ ምን በድዬህ ነበር?»

ለማ ስልኩን አውጥቶ ለአርተር ያቀብለዋል፣ ይጻፍበት ብሎ። አርተር ይጽፋል። ያጠፋል። እንደገና ይጽፍና እንደገና ያጠፋል። በመጨረሻ ስልኩን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ኤፍራታን ያያታል። እንዲናገር እንድትፈቅድለት እየለመናት እንደሆነ ገብቷታል።

ራሷን በእምቢታ ትነቀንቃለች። ሌላ የምታደርገው ቢኖር ታደርገው ነበር።

«ይሁን፣ ተወው» ይላል ኮሊን። ደረቱ ላይ ያለውን ጊታር ደግፎ ይነሣል። «ለሕዝቡ ልንገራቸው።»

ወደ በሩ ሲራመድ አርተር ከወንበሩ ብድግ ይላል። ደረቱ ይነፋል፣ አፉ ይከፈታል። ኤፍራታ ሳታስበው መዳፏን አፉ ላይ ትከድናለች።

ትንፋሹ ይሞቃል። ከንፈሮቹ መዳፏ ላይ ይንቀሳቀሳሉ፤ አንድ ቃል፣ ከዚያ ሌላ። ኮሊን ጀርባውን ሰጥቶ እየወጣ ነው።