እትዬ ኮርኔሊያ ለሰልፉ ያሰሩት ሻሽ

ለእጅ ጽሑፌና ለፊደል ግድፈቴ ይቅርታ... ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። ወረቀት ላይ ጽፌ ፎቶውን ነው ለገጹ የላክሁት።

«ልጅቷ ትሰርልኝ፣ ሰልፉ ሊጀመር ነው!» አሉ እትዬ ኮርኔሊያ ወደ እኔ እያመለከቱ።

ጁላይ አንድ፣ ባርነት የተሻረበት ቀን፣ የከተማችን የፓራማሪቦ ሴት ሻሽ ሳታስር ከቤት አትወጣም።

አሳሪዋ አክስቴ ሄርሚና ናት። በስታርች እንደ ካርቶን የደረቀ ጨርቅ ታጣጥፋለች... እያንዳንዱ አጣጠፍ የራሱ መልእክት አለው።

ቅድመ አያቶቻችን ጌቶቻቸው ፊት በምስጢር የሚያወሩት እንዲህ ነበር።

እትዬ ኮርኔሊያ የጨርቅ ሱቅ አላቸው። እኔም እዚያ እሠራለሁ... ከኋላ፣ መጋዘን ውስጥ።

አንድ ቀን ደፍሬ ከፊት ልቁም ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ከፊት የሚቆሙት ቀያዮቹ ናቸው። አንቺ ጠቆርሽብኝ... ራስሽ ላይ ያለውንም ሻሽ አውልቂው» አሉኝ።

ሻሹን አውልቄ ወደ መጋዘኑ ተመለስኩ። እኔ ሁሌም ዝም ነኝ።

በሰልፉ ጠዋት አክስቴ ለሌላ ሴት እያሰረች ነበር። «‹ደስታ› የሚለውን እሰሪላቸው» አለችኝ።

አሰርኩላቸው። መስታወት አዩ... ደግመው አተኩረው አዩ... ወጡ።

ከሰዓት በኋላ አክስቴ እያለከለከች መጣች።

«ምን አደረግሽ አንቺ ልጅ?! ሴትዮዋ ‹ላዬ በዓል፣ ውስጤ ሌላ› የሚለውን አስረው ከተማውን ይዞራሉ! አሮጊቶቹ በሳቅ ሊሞቱ ነው!»

«አክስቴ... ሁለቱ ይመሳሰላሉ... የሚለያቸው የግራው ጫፍ ነው...»

«የግራው ጫፍ እንጀራችንን ዘጋው በያ!»

በማግስቱ ሱቅ የሄድኩት ለመባረር ነው።

ሻሹ ሳይፈታ ባንኮኒው ላይ ተቀምጧል።

«አያቴ የእርሻው ሹም ሚስት ዘንድ ስትሄድ የምታስረው ይህንን ነበር» አሉኝ እትዬ ኮርኔሊያ። «ገና መስታወት ሳይ አወቅኩት።»

«ታዲያ... ለምን አስረውት ወጡ?»

«ስለ እኔ የሚለው እውነት ነዋ! በይ ከፊት ቁሚ። ከነሻሽሽ። አትገተሪ፣ ደንበኛ መጥቷል!»

ነፃነትን በዓመት አንድ ቀን መልበስ ቀላል ነው። ከባዱ በማግስቱ ሱቅ ሲከፈት ነው።

ሁለት ጥቁር ልጆች ዛሬም መጋዘን ውስጥ ናቸው። በየሰኞው እነሱም ከፊት ይቁሙ ብዬ እትዬን እጠይቅላቸዋለሁ።

አክስቴ ያን ቀን እጄ የሳተ ይመስላታል።

ለማንም ነግሬ አላውቅም... አልሳተም።

እናንተስ... አፋችሁ ያቃተውን እጃችሁ ተናግሮ ያውቃል?