ለአበባ የተሰጠ ጨው

ሐኪሙ ጡረተኛውን ሹፌር ጨው የከለከለው ዕለት ቤቱ ለቅሶ ቤት መሰለ። ያለ ጨው ብላ ማለት ያለ ነዳጅ ንዳ ማለት ነው ብሎ ተሟገተ። ሚስቱ ግን ሠላሳ ስምንት ዓመት አብሯት የኖረን ሰው በማንኪያ ጨው የምትቀብር ሴት አልነበረችም። የጨውን ጣሳ ሣጥን ውስጥ ቆልፋ ቁልፉን አንገቷ ላይ አሰረች።

በዚያው ሳምንት ባልየው ለጓሮው ችግኝ ይዞ መጣ። የችግኝ ጣቢያው ባለሙያ እንደነገረው ከሆነ አገር በቀል የዱር አበባ ነው፤ ንቦች ይወዱታል፣ ጨዋማ አፈር አይበግረውም፣ እንዲያውም ጨዉን ወደ ቅጠሉ እየሳበ ያጠራቅማል።

«ከእንግዲህ የኔ ጨው ለእሱ ይሁን» አላት። «እኔ እስከዛሬ የበላሁት ይበቃኛል።»

ሚስትየዋ አለቀሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳው ላይ ትጨምረው የነበረውን ጨው በየማለዳው ሰፍራ፣ በውሃ በጥብጣ፣ በገዛ እጇ አበባውን ታጠጣ ጀመር። አበባው ፋፋ። ንቡም ጓሮውን ሞላው። ባልየው ጨው አልባ ምሳውን ሳያጉረመርም ይበላና ቅጠል ልከርክም ብሎ ይወጣል። የከረከመው አንዱ ቅጠል እንኳ መሬት ላይ አይገኝም፤ እንዲህ ንጹህ ሰው መሆኑን ሚስቱ አታውቅም ነበር።

ደም ግፊቱ ግን አሻቀበ።

«እናቴ፣ አንድ ሰው ጨው እያበላቸው ነው» አላት ሐኪሙ። «እንዲህ ከቀጠለ አላተርፋቸውም።»

ማን እንደሆነ ለመገመት ጊዜ አልፈጀባትም። ከአጥሩ ማዶ የምትኖረው ልብስ ሰፊ ናት። በአጥሩ ሽንቁር ከባሏ ጋር ስትሳሳቅ አይታታለች፤ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ደግሞ ጨው የተነሰነሰበት ኦቾሎኒ አይጠፋም። ሽንቁሩን በቆርቆሮ አስመታች። የባሏን ኪስ፣ ካልሲውን ሳይቀር በየቀኑ ፈተሸች። ምንም የለም። ግፊቱ ጨመረ።

ልብስ ሰፊዋን በሯ ላይ ጠብቃ ባሌን ልትገድዪው ነው ወይ አለቻት። ሴትየዋ በልጆቿ ማለች። ሚስትየዋ ግን የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ ብላት ሄደች። ባሏ ልቡ በአበባው ከተያዘ ሴትየዋን ይረሳል በሚል ተስፋም የአበባውን ጨው በእጥፍ አደረገችው።

በሦስተኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ሁለቱን እጅ ከፍንጅ ልትይዝ ከውሃ በርሜሉ ጀርባ ተደበቀች። ልብስ ሰፊዋ ብቅ አላለችም።

ባልየው መጣ፣ ግራ ቀኙን አየ፣ ንቦቹን በባርኔጣው ገለል አደረገና በጉልበቱና በእጁ ተንበርክኮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ቅጠሉን እንደ ፍየል ይግጥ ጀመር።