የትከሻው ፊልም

ጌታሁን የራጅ ፊልሞቹን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ፣ በጠዋት ከሸኮ ተነስቶ አማን ገባ። ሁለት ነበሩ፤ አንዱ አዲስ አበባ ቀኝ ትከሻው ላይ ብረት የገባለት ሰሞን የተነሳው፣ ሌላው የአምናው። ዛሬ ሦስተኛውን ይነሳል። ሐኪሟ ሦስቱን ጎን ለጎን አድርጋ ታያለች፤ በብረቱ ዙሪያ ያለው አጥንት ከሳሳ ትከሻው እንደገና ይከፈታል።

ለራሱ ብዙም አልፈራም። የፈራው ለማህደር ነው። ጌጫ የምታስተምረው አንድ ልጁ፣ እጁ ከሥራ ውጪ ከሆነ ማስተማሯን ትታ መጥታ እንደምትጦረው ምላለች። ማህደር ደግሞ ከማለች ማለች ነው። በየማታው እየደወለች፣ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም «ክንድህን አንቀሳቀስክ?» ትለዋለች።

ሚዛን የሚኖረው ታናሽ ወንድሙ ዳንኤል ክሊኒኩ በር ላይ ጠበቀው። ፊልሙ ተነሳ። ዶክተር ሆሳዕና ሦስቱንም መብራት ላይ ሰቅላ በእስክሪብቶዋ ጫፍ ጠቆመች።

«በብረቱና በአጥንቱ መካከል ጥቁር መስመር እየሰፋ ከሄደ አጥንቱ እየተበላ ነው ማለት ነው። ከባድ ነገር አንስተዋል?»

«ኧረ እኔ! ከቅርጫት በላይ አላነሳሁም።»

ኅዳር ላይ አንድ ጆንያ ቡና ተሸክሞ ነበር። ያን ግን ለማንም አልተነፈሰም።

የዳንኤል ስልክ ጮኸ፤ ይዞት ወጣ። ቆይቶ በበሩ ብቅ አለና ሐኪሟን በእጁ ጠራት። ጌታሁን በመስታወቱ አያቸው፤ ወንድሙ ሲያወራ እሷ አንገቷን ደፋች።

ስትመለስ ፊልሙን ትታ የደም ግፊቱን ለካችው። አንዴ ለክታ እንደገና ለካች።

«አጥንቱስ?»

«ደህና ነው» አለች ፊቱን ሳታይ። «ዛሬ ግን ብቻዎን አይደሩ።»

ጌታሁን ልጅ አይደለም። ለበሽተኛ እውነቱ እንደማይነገር ያውቃል። ሟች ሚስቱን «ጨጓራ ነው» እያለ ስምንት ወር ያታለላት እሱ ራሱ ነው፤ ያኔም ሐኪሙን ኮሪደር ላይ ጠርቶ እንዳይነግሯት ለምኗል። አሁን ተራው ደረሰ። አልተናደደም፣ አላዘነም።

ዳንኤል እስከ ሸኮ አብሮት ሄደ። መኪና ውስጥ «ባትሪው ደክሟል፣ እኔ ጋ ይሁን» ብሎ ስልኩን ወሰደበት። ዓይኑ ቀልቷል።

«ምን ሆነሃል?»

«አቧራው ነው።»

ቤት ሲደርሱ ጎረቤቶቹ ግቢው ውስጥ የተሰጣውን ቡና እየሰበሰቡ ነበር።

«ምነው?» አለ ጌታሁን።

«ዝናብ ይመጣል ብለን» አለች ጎረቤቱ እታገኝ።

ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ወሬ የማይነጥፍባት ሴት ይህን ብቻ ተናግራ ወደ ቡናው ጎንበስ አለች። እጁ እንዳበቃለት ሰምተው ሥራውን ተካፍለውለታል፤ እንዲህ ነው የገባው። አመሻሽ ላይ ወጥ ይዛ መጥታ፣ «በሞቴ፣ አንዴ ብቻ» እያለች ሳህኑን እስኪጨርስ ቆመችበት።

ማህደር አልደወለችም።

«ጌጫ ኔትወርክ ጠፍቷል አሉ» አለ ዳንኤል ግድግዳውን እያየ።

ጌታሁን ይህን ሲሰማ ቀለል አለው። ምን ሊላት ነበር? ነገ ስትደውል «ደህና ነው ተብያለሁ» ብሎ ይዋሻታል፤ እሷም ከተማሪዎቿ ሳትለይ ትኖራለች። እንዲህ ብሎ ወስኖ ተኛ።

ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ኃይለጊዮርጊስ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ገቡ። ተቀመጡ ቢላቸው አልተቀመጡም። ማን ይጀምር በሚል እርስ በርስ ሲተያዩ ጌታሁንን አሳዘኑት።

«አይቸገሩ ጋሽዬ፣ አውቄዋለሁ» አላቸው። «አጥንቱ አልቋል። ለማህደር ብቻ እንዳትነግሯት።»

«ትከሻህስ ደህና ነው፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ኃይለጊዮርጊስ። «ያጣነው ማህደርን ነው።»